ከአዘዞ ቶሮንቶ፣ እኛ ሰፈር ማንም በማይቆርጠው አየር መንገድ

ሰሞኑን ቪዛ የተመታለት ሰው ሁሉ ፈልጎ ያገኘኛል። «አንቺ በግብፅ ነው አይደል የሄድሽው፣ እንዴት ነው፣ ያዋጣል?» ነው ጥያቄው። ጎንደር ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ ቴሌግራም ላይ፣ አንዷማ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ እያገላበጥኩ ክንዴን ይዛ ነው ያስቆመችኝ። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ከዛ በኋላ ሊንኩን ብቻ ልላክ።

እኛ ከተማ ውጭ አገር መሄድ ማለት በኢትዮጵያ አየር መንገድ መሄድ ማለት ነው፣ አለቀ። ከዛ ወጣ ያለ ሰው ካለ ኤምሬትስ ወይ ኳታር ወይ ተርኪሽ ይላል፣ እነሱን ደግሞ ከማስታወቂያ ሁሉም ያውቃቸዋል። እኔ የግብፁን ኢጅፕትኤር ስል ግን ቤቱ በሳቅ ነው የፈረሰው። አጎቴ «እኛ አባይን አንሰጥም ስንል አንቺ ራስሽን ልትሰጫቸው ነው?» አለኝ፤ አክስቴ ደግሞ ከምሯ «በአርባ አራቱ ታቦት ይዤሻለሁ፣ የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ» አለች። (አልሞላችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።)

«አይታወቅም» የሚለው ነገር ራሱ ያስቀኛል። ኢጅፕትኤር እ.ኤ.አ. በ1932 ነው የተቋቋመው፣ የእኛው በ1945፣ በዕድሜ ታላቃችን ነው። ስታር አልያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥም እሱ በ2008 ነው የገባው፣ የእኛው በ2011። ያልታወቀው እኛ ሰፈር ነው፣ ተሳፍሮበት መጥቶ የሚያወራ ሰው ስለሌለ። ደግሞ ሰው ያልለመደውን አየር መንገድ የሚፈራው ይወድቃል ብሎ ብቻ አይመስለኝም፣ መሀል መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢገጥመኝ ማንን ይዤ እጮሃለሁ ብሎ ነው። እሱ ፍርሃት ልክ ነው፣ ግን መልሱ አውሮፕላኑ ላይ በተጻፈው ስም ውስጥ የለም፣ ትኬቱ በተቆረጠበት መንገድ ውስጥ ነው ያለው። ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ስለዚህ ነው።

ለምን አሰብኩት? ብር ነዋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የውጭ ትኬት በብር ማየት ራስ ያዞራል። ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ ትኬቱም አብሮት ወጣ፣ ምክንያቱም ድሮም ዋጋው የሚወጣው በዶላር ነው፣ ብሩ ሲባዛ የሚመጣ ነገር ነው። ቶሮንቶ ያለችው እህቴ ስትፈልግ በሁለቱ አየር መንገዶች መሀል ያየችው ልዩነት ደህና አድርጎ ልብ የሚያስከፍት ነበር፣ እኔም ወዲያው ልቤ ተከፈተ።

ግን እዚህ ጋ የአዲስ አበባ ሰው የማያስበው ነገር አለ። እኛ የምንነሳው ከቦሌ አይደለም፣ ከአዘዞ ነው። እዛ ካለው ከጎንደሩ አጼ ቴዎድሮስ ኤርፖርት ደግሞ መደበኛ በረራ ያለው የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «አዲስ አበባ–ቶሮንቶ» ብላችሁ ያያችሁት ርካሽ ዋጋ የእናንተ ዋጋ አይደለም። የጎንደር–አዲስ ትኬት፣ የአዲስ አበባ አዳር ካለ አዳሩ፣ የራይዱ፣ ትርፍ ኪሎ ካለ እሱም (የአገር ውስጡ የሻንጣ ልክ ወደ ካናዳ ከሚፈቀደው ሁለት ሁለት ሻንጣ ያነሰ ነው፣ ብዙ ሰው ሚዛኑ ላይ ቆሞ ነው የሚያውቀው) ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው ማወዳደር። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትቆርጡ ከአዘዞ ቶሮንቶ አንድ ትኬት ነው፣ ያ ትኬት ውድ የሚመስለው እነዚህን ሁሉ ውጦ ስለያዘ ነው። እኔ ስደምረው ልዩነቱ ወደ ግማሽ ወረደ። ግማሹም ግን ገንዘብ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሁለት ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት ይዞ መሄድና አንድ ትኬት ይዞ መሄድ ሰማይና ምድር ነው። የማውቀው ልጅ ነው፣ ስሙንም አየር መንገዶቹንም አልጠራም፣ የአገር ውስጡን ለብቻው ቆረጠ፣ የውጩን ለብቻው፣ በሁለቱ መሀል ሦስት ሰዓት ገደማ ተወ። ክረምት ነው፣ ጉሙ አልነሳ አለ፣ የጎንደሩ በረራ ዘገየ። ቦሌ ሲደርስ የውጩ ቼክ ኢን ተዘግቷል። የአገር ውስጡ «አድርሼሃለሁ» አለ፣ የውጩ «አልመጣህም» አለ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው፣ እሱ ብቻ መሀል ላይ ቀረ። ይባስ ብሎ የመጀመሪያውን በረራ ካልተሳፈርክ የቀረው ሁሉ፣ መመለሻው ጭምር፣ ይሰረዛል። ኖ ሾው የሚሉት እሱን ነው። አንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ ግን አዘዞ ላይ ሲዘገይ የቀጣዩን በረራ የመፈለጉ ጣጣ የእነሱ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ኤጀንቱ ጋ ሄጄ ያልኩት ቃል በቃል «ከጎንደር አንስተህ ቶሮንቶ ድረስ በአንድ ትኬት አውጣልኝ» ነው። መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ። ግን ይቻላል፣ አየር መንገዶች እርስ በርስ ኢንተርላይን የሚባል ውል ካላቸው የአንዱ ትኬት ላይ የሌላው በረራ ይገባል፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ አልያንስ ውስጥ ናቸው። ወጣ። ትንሽ ጨመረ፣ ከለየብቻው ግን ብዙም አልራቀም። ትኬቱ እጃችሁ ሲገባ አንድ የትኬት ቁጥር ስር ሁሉም በረራ መዘርዘሩን እዩ። አንዳንድ ኤጀንት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ትኬት ለጥፎ ይሰጣችኋል፣ ያ አንድ ትኬት አይደለም፣ ያ አንድ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ማረጋገጫ አዘዞ ላይ ነው። ሻንጣው ሲመዘን እጀታው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት እዩት። በትልቁ የተጻፈችው ሦስት ፊደል የሻንጣው መጨረሻ ናት። ዋይ ዋይ ዚ ካለ ቶሮንቶ ነው፣ ኤ ዲ ዲ ካለ ሻንጣችሁ ቦሌ ነው የሚቀረው፣ ወርዳችሁ ተቀብላችሁ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል ጎትታችሁ፣ እንደገና ማስመዝገብ አለባችሁ። ልጅቷ መጀመሪያ ኤ ዲ ዲ ልታስር ስትል ትኬቱን አሳየኋት፣ ኮምፒውተሯን ትንሽ ነካካች፣ ከዛ ያቺ ዋይ ዋይ ዚ ከማሽኑ ስትወጣ ደስ አለኝ። የተቀደደችውን ቁራጭ ደግሞ እንዳትጥሏት፣ ሻንጣ ቢጠፋ ማስረጃችሁ እሷ ናት። ቢጠፋ ወይ ቢሰበር ከኤርፖርቱ ሳትወጡ አስመዝግቡ፣ ለተጎዳ ሻንጣ በጽሑፍ አቤት የሚባለው በ7 ቀን ውስጥ ነው፣ ዘግይቶ ለደረሰ ከተቀበላችሁ በኋላ በ21 ቀን። ይሄ የሞንትሪያል ኮንቬንሽን የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፣ ስሙ የታወቀም ያልታወቀም አየር መንገድ አይመርጥም።

መሀል ላይ ሰዓት ተዉ። የእኔ በረራ ከአዲስ ወደ ካይሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለነበር ከአዘዞ ጠዋት ተነስቼ ግማሽ ቀን ቦሌ አካባቢ ዘመድ ጋ ዋልኩ። ከ24 ሰዓት በታች ከሆነ ትራንዚት ነው፣ ከዛ ካለፈ ስቶፕኦቨር ይሆንና ዋጋውም ሻንጣውም ይለወጣል። ሦስት አራት ሰዓት ብቻ ትቶ የጎንደርን ሰማይ ማመን ግን የማይሆን ነገር ነው፣ ሰማዩ ብቻም አይደለም፣ በ2015 ክረምት በረራው ለቀናት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፣ የመኪናውን መንገድ ደግሞ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ስለ እኩለ ሌሊት ካነሳን፣ ትኬቱ ላይ 00:40 ተብሎ ቀኑ 12 ከሆነ ኤርፖርት የምትሄዱት በ11ኛው ቀን ማታ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 6 ሰዓት ከ40 ማለት ነው፣ በፈረንጁ ቀኑ ተቀይሯል፣ በእኛ ልቦና አልተቀየረም። በዚህ ምክንያት በ12ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ካይሮ ደግሞ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ሰዓቷ ከእኛ እኩል ነው፣ በቀረው ጊዜ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትላለች፣ ትራንዚት ስትቆጥሩ እሱን አስገቡ።

ትኬቱን ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ከከፈለላችሁ (ማን ከራሱ ይከፍላል) አንዳንድ አየር መንገድ ቼክ ኢን ላይ «የከፈልሽበትን ካርድ አሳዪ» ይላል፣ ካርዱ ቶሮንቶ እህቴ ቦርሳ ውስጥ ነው። እህቴ ስትከፍል ቀድማ ደውላ የሌላ ሰው ካርድ መሆኑን አስመዘገበች፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ይጠየቃል።

ቪዛ። ርካሽ ትኬት ስታገኙ መጀመሪያ የሚታየው በየት በኩል ነው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠይቋቸው ውስጥ ነው፣ ከኤርፖርት ሳትወጡ አውሮፕላን ብቻ ብትቀይሩም። የሚሠራ የካናዳ ወይ የአሜሪካ ቪዛ ካላችሁ ግን ከዚህ ነፃ ናችሁ፣ ስለዚህ ቶሮንቶ ለምትሄዱት ፍራንክፈርት አያስፈራም፣ ሌላ አገር ለምትሄዱት ግን ርካሹ ትኬት በር ላይ ሊያስቀራችሁ ይችላል። ቼክ ኢን ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው የየአገሩ የቪዛ ደንብ ያለበት ታይማቲክ የሚባል ዝርዝር ነው፣ እሱ ላይ እምቢ ካለ የእናንተ ክርክር ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ኤጀንቱ እሱን ከፍቶ ያሳያችሁ። ካይሮ ላይ እኔ ትራንዚት ክፍል ውስጥ ነው የቆየሁት፣ ከተማ ልውጣ ሆቴል ልደር ካላችሁ የመግቢያ ጉዳይ አለበት፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ መውደቅ የሚፈራ ካለ፣ እሱም ሲፈተሽ እንጂ ስም ሲቆጠር አይታወቅም። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ሰማዩ የማያስገባቸውን አየር መንገዶች ዝርዝር ያወጣል፣ ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ ሱዳን ውስጥ የተመዘገቡት ለምሳሌ ሁሉም አሉበት። ሌላው አዮሳ የሚባለው የአያታ (የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር) የደህንነት ኦዲት ነው፣ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ፣ ያለፉትም ስማቸው ድረ ገጽ ላይ ተዘርዝሯል። እኔ ሁለቱን ለማየት ቡናው እስኪፈላ ያህል ጊዜ ነው የፈጀብኝ፣ አጎቴ ግን እስከ ዛሬ «አውሮፕላናቸው አሮጌ ነው» ይላል፣ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ደግሞ ትኬቱ ላይ «የሚበረው በ…» የምትለዋን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፣ የአንዱን ስም ገዝታችሁ የሌላው አውሮፕላን ላይ ልትገኙ ትችላላችሁ።

«የእኛው ግን ቀጥታ ነው» የሚለኝም አለ። አይደለም እኮ ሁሌ። ቦሌ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጅ ሞልቶ ሰው ጭኖ ከዛ ከፍታ መነሳት ከባድ ስለሆነ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሄድ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ሲመለስ ነው ቀጥታ የሚመጣው። ልዩነቱ እዛ ከወንበራችሁ አትነሱም፣ ካይሮ ላይ ትነሳላችሁ። ለእኔ መነሳቱ ራሱ ጥቅም ነበር፣ እግሬ ያብጣል።

ምግብ። ጉዞዬ ዐቢይ ጾም ላይ ነበር። በእኛው አየር መንገድ ጾም ነው ማለት ይበቃል፣ አስተናጋጇም ትጾም ይሆናል። በሌላው ግን «ጾመኛ ነኝ» ብትሉ ዓሣ ወይ አይብ ነው የሚመጣላችሁ። ቬጀቴሪያን አትበሉ፣ እሱ ውስጥ ወተትም እንቁላልም አለ፣ ኤዥያን ቬጀቴሪያን የሚባለውም እርጎ ሊኖርበት ይችላል። ቪጋን በሉ፣ ኮዱ ቪ ጂ ኤም ኤል ነው፣ ከበረራው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መመዝገብ አለበት፣ ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻው መመዝገቡንም እዩ። ለእኔ ከካይሮ ስንነሳ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ወንበሬ ራስጌ ላይ ለጠፉ፣ ከሁሉ ቀድሞ ምግብ መጣልኝ፣ ሽንብራ በቲማቲም ከሩዝ ጋር፣ ጨው ይጎድለዋል እንጂ ደህና ነው። አጠገቤ የነበሩት ግብፃዊ ሰውዬ ዶሯቸው እስኪመጣ የእኔን እያዩ ነበር የቆዩት፣ በመጨረሻ ዳቦዬን ሰጠኋቸው። ሳቅን። ስለ አባይ ምንም አላወራንም።

መጠጥ የለም፣ አልኮል አያቀርቡም፣ እሱን ለምትፈልጉ ቀድማችሁ እወቁት። ሲነሳ የመንገድ ዱዓ ይደረጋል፣ እኔም በልቤ የራሴን ጸለይኩ። አውሮፕላኑ ድሪምላይነር ነበር፣ ወንበሩ ሦስት ሦስት ሦስት ነው፣ ከእኛው ጋር ብዙም ልዩነት አላየሁበትም። የአገልግሎቱ ፈገግታ ግን የእኛው ይበልጣል፣ ይሄን እናገራለሁ፣ ውሃ ለመጠየቅ ሁለቴ ደውያለሁ። ፊልሙ አብዛኛው ዓረብኛ ነው፣ ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ሂዱ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም፣ በስታር አልያንስ አየር መንገድ የበረራችሁበት ማይል ሼባ ማይልስ ላይ፣ የእኛው አየር መንገድ የማይል ማጠራቀሚያ ላይ ማለት ነው፣ ሊቆጠር ይችላል፣ ቁጥራችሁን ስትቆርጡ ወይ ቼክ ኢን ላይ ስጡ፣ እንደ ትኬቱ ክላስ ነው የሚቆጠረው፣ በጣም ርካሹ ላይ ትንሽ ነው ወይም ምንም።

ቶሮንቶ ላይ ሻንጣዬ ከእኔ እኩል ደረሰ። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹ ሁሉ ገባ። ቋንጣ ግን ካናዳም አሜሪካም አታስገባም፣ በማንም አየር መንገድ ብትሄዱ፣ ስለዚህ ለእህትሽ ነው እያሉ ላስታቀፉኝ ሁሉ አስቀድሜ «አልይዝም» ብያለሁ፣ የተቀየሙኝም አሉ።

እና ያዋጣል ወይ? ወጣት ከሆናችሁ፣ እንግሊዝኛ ከቻላችሁ፣ ትኬቱ ከአዘዞ ጀምሮ አንድ ከሆነ፣ ሰዓታችሁ ሰፊ ከሆነ፣ አዎ፣ እኔ ደግሜ እቆርጠዋለሁ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ልዩነቱን ከፍላችሁ በእኛው ሂዱ። እናቴ በቅርቡ እህቴን ልታርስ ትሄዳለች፣ ለእሷ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው የቆረጥነው፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ብቻዋን ነው የምትሄደው፣ ከአማርኛ ውጭ አትናገርም፣ መሀል ላይ «ማዘር፣ በዚህ በኩል» የሚላት ሰው መኖር አለበት። ዊልቸርም አስመዝግበንላታል፣ በእግሯ ትሄዳለች፣ ምንም አልሆነችም፣ ግን ዊልቸር የሚገፋው ሠራተኛ ከአውሮፕላን ተቀብሎ እስከ ሚቀጥለው በር ድረስ ራሱ ያደርሳታል። ከበረራው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ንገሯቸው፣ ክፍያ የለውም፣ ወረፋም አያስጠብቅም።